ህልውናዋ ስላልተረጋገጠው እህቴ

ለተከበሩ የሊጋችን ኮሚሽነር፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ እንደተሟላ፣ ወገብዎ ከወንበርዎ ጋር እንደተስማማ፣ ነጠላ ሰረዝ የማያመልጠው ዓይንዎም እንደ ወትሮው ከመነጽርዎ በላይ እያየ እንደሚያገኝዎ ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብዳቤውን በአባላት ሰሌዳ ላይ ሁሉም እንዲያነበው የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ አደራ እላለሁ። እዚህ ገጽ ላይ ሊያፍር የሚገባው ሰው አንድ ነው፤ እሱም ከታች ይፈርማል። ከእፍረቱ ትንሽ ይድረሰኝ ካሉ ግን ጠጋ ብዬ ቦታ እለቅልዎታለሁ።

ሊጋችንን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በኮምፒውተር የሚካሄድ የቅርጫት ኳስ ውድድር ነው። አሥራ ስድስት ቡድኖች አሉን፤ የሚመሯቸውም አሥራ ስድስት ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላችን ፋርማሲስት አለ፣ የጂኦግራፊ መምህር አለ፣ የብየዳ ቤት ባለቤት የሆነች ሴት አለች። ተጫዋቾቻችን ሥጋና ደም የላቸውም፤ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የመወርወር ችሎታና የትንፋሽ ጉልበት የተሰጣቸው ቁጥሮች ናቸው። ፕሮግራሙ ያጫውታቸዋል፣ እኛ ውጤቱን አንብበን እንጨፍራለን ወይም እንኳረፋለን። ውድድሩ ሲያልቅ ሁለት ወር ጨዋታ የሌለበት ዕረፍት ይመጣል። ዕረፍት መባሉ ለወጉ ነው፤ ማንን ማሰናበት፣ ማንን ማስፈረም፣ ከአዳዲሶቹ ወጣቶች ማንን መምረጥ እንደሚገባ የሚወሰነው ያኔ ስለሆነ ቡድን የሚሠራውም የሚፈርሰውም በዚያ ጊዜ ነው። ቅሬታዎቼም የሚመለከቱት ዘንድሮ በዚያ ወቅት የሆነውን ነው።

አንደኛ፤ “የውድድር ዕረፍቱ ምርጥ ማናጀር” ብለው ስለሸለሙኝ አመሰግናለሁ። የምስክር ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ማኅተሙ አልደበዘዘም፣ የፊደል ግድፈትም አላገኘሁበትም። ስህተት ያለው ስሜ ላይ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ትክክል ነው፣ ሰውየው ነው የተሳሳተው።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ይህ ምስጋና ትንሽ ስለሚረዝም በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

እኔ የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነኝ። በስድስት ዓመት የምታንሰኝ እህት አለችኝ፤ በከተማው አውቶቡስ ድርጅት በስምሪት ክፍል ትሠራለች። የትኛው ሾፌር በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደሚወጣ የምትደለድለው እሷ ናት። ሁለታችንም ከእናታችን ጋር ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ እንኖራለን። ወደ ሊጉ በገባሁበት ዓመት ቡድኔ ከአሥራ ስድስት አሥራ አራተኛ ወጣ። በሁለተኛው ዓመትም አሥራ አራተኛ ወጣ። ወጥነት የሚባለው ባሕርይ እንዳለኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀች ከኋላዬ ስታልፍ ቆም አለች።

“ወንድም ጋሼ፣ ይኼን ረጅሙን ለምን ሁለት ቀን በተከታታይ ታሰልፈዋለህ? ደክሞታል እኮ።”

“ቁጥር ነው እኮ፤ ቁጥር ይደክመዋል እንዴ?” አልኳት።

“ይደክመዋል። እየው እስቲ” ብላ በእርጥብ ጣቷ ስክሪኑን ነካችው። እውነትም በሁለተኛው ቀን የሚስታቸው ኳሶች እጥፍ ነበሩ። አሳረፍኩት፤ አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። ከዚያ ወዲያ ከጎኔ ለእሷ መቀመጫ አንድ ዱካ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት ስድስተኛ ስወጣ እርስዎ ራስዎ “ዘንድሮ ዓይንዎ በርቷል” ብለው እንደጻፉልኝ ያስታውሳሉ። የበራው ዓይን የማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ እኔም ሳልጠየቅ መናገር አልወደድኩም።

እህቴ ጨዋታው በጣም ስለጣማት ዘንድሮ ውድድሩ ሊጀመር ሲል የራሷን ቡድን ፈለገች። ከሊጉ የወጣ ሰው ነበርና ቦታው ክፍት ነበር። አመለከተች። እርስዎ ማመልከቻው ከእኔ የኢንተርኔት መስመር መላኩን በንቃት ደረሱበትና፣ በሐሰት ስም ሁለተኛ ቡድን እንዳልይዝ ሰግተው ለእኔ ጻፉልኝ፦ “አመልካቿ እውነተኛ ሰው መሆኗን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያረጋግጡልን በትሕትና እንጠይቃለን።” በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሊፍት ስለቆመ ሥራ በዛብኝ አልኩ። በሁለተኛው ቀን የቆመ ሊፍት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን መልእክትዎን ከፍቼ “አዎ፣ እህቴ ናት” ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት።

ለምን ብለው ቢጠይቁኝ፣ ለራሴ ከነገርኩት ይልቅ እውነቱን ልንገርዎ። የራሷ ቡድን ከኖራት ዱካው ባዶ ይቀራል። ዱካው ባዶ ከቀረ አሥራ አራተኛ እሆናለሁ። ከዚያም የባሰ ነገር ነበር፤ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ታሸንፈኛለች፣ ውጤቱም በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ያስባል? ያስባል፤ አስቧል።

ከሦስት ቀን በኋላ ውሳኔዎ ደረሳት፦ “የአመልካቿ ህልውና በተሰጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ባለመረጋገጡ ማመልከቻው ተዘግቷል።” ምሳ እየበላን ጮክ ብላ አነበበችው።

“እማዬ፣ ስሚማ! የለሽም ተባልኩ!”

“ታዲያ ይኼን ሁሉ ዳቦ ማን በላው?” አለች እናታችን።

ሦስታችንም ሳቅን። ከሦስታችን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሳቀው እኔ ነበርኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ የሥራ መታወቂያዋን ፎቶ አያይዛ አመለከተች። እርስዎ ግን በቀላሉ የሚታለሉ ሰው ስላልሆኑ “ፎቶ ሊቀነባበር ይችላል” ብለው እንደገና ለእኔ ጻፉልኝ፣ እንደገና ሦስት ቀን ሰጡኝ። በዚህኛው ጊዜ ጽፌ እንኳ አላጠፋሁም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጠቁምዎ ይፈቀድልኝ፤ በየማለዳው ከመኖሪያዎ ወደ ማተሚያ ቤትዎ የሚያደርስዎትን አውቶቡስ የምታሰማራው ይህችው ሰው ናት። ህልውናዋ ሳይረጋገጥ እርስዎ ስንት ዓመት በሰዓቱ ሥራ ገብተዋል!

ሦስተኛ፤ ስለ ሽልማቱ ሥነ ሥርዓት አመሰግናለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ዕረፍቱ እንዴት እንዳለፈ መናገር አለብኝ። እህቴ የዓመት ፈቃዷን፣ አሥራ አምስት የሥራ ቀን፣ ለእኔ ቡድን አዋለችው። በመመገቢያ ጠረጴዛው ላይ የስምሪት ክፍሉን ትልቅ ሰንጠረዥ ዘርግታ የቡድኖቹን ሁሉ ተጫዋቾች እንደ ሾፌር ደለደለቻቸው። “ይኼ የጠዋት ሰው ነው፣ ከሰዓት አትስጠው። ይኼ ከዚያኛው ጋር ከወጣ ይጣላል። ይኼኛው ሰነፍ አይደለም፣ መስመሩ ነው የተሳሳተበት” ትላለች። በጣም ብዙ ነጥብ የሚያስቆጥረውን፣ እኛ “መድፉ” የምንለውን የሠላሳ ሦስት ዓመት ተጫዋቻችንን አሰናብት ስትለኝ አብደሻል አልኳት። መድፉ ለእኔ ቡድኑ ማለት ነበር። እሷ ግን የመጨረሻ ሃያ ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ በደብተር ጽፋ፣ በአራተኛው ሩብ እጁ እንዴት እንደሚከብድ፣ የመጪው ዓመት መርሐ ግብርም ያለ ዕረፍት አሥራ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን በተከታታይ እንደሚያሰልፈው አሳየችኝ። በእሱ ቦታ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን፣ ፕሮግራሙ “ተነሳሽነቱ ዝቅተኛ” የሚለውን አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ረጅም ወጣት አስፈረመች። ፈረመ የሚለው ቁልፍ ላይ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ለታሪክ ያህል የእኔ አስተዋጽኦ ይኸው ነው፤ በሌባ ጣቴ፣ አንዴ።

ፕሮግራሙ የዕረፍቱን ሥራ መዝኖ ቡድናችን በመጪው ዓመት ሁለተኛ እንደሚወጣ ተነበየ። እርስዎም ሽልማቱን አወጁ። እህቴ “እኔም ልምጣ፣ ሰዎቹን ልያቸው” አለችኝ። ምን ብዬ ልከልክላት?

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱም ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። በጂኦግራፊ መምህሩ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ካርታ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረው ነበር። እርስዎ በር ላይ ተቀብለው ጨበጧት። “እህታችን፣ እርስዎስ ጨዋታውን ይከታተላሉ?” ብለው ጠየቋት። “ጥቂት ጥቂት” አለችና ፈገግ ብላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። በእጅዎ የጨበጡትን ሰው ህልውና በዚያች ቅጽበት ያረጋግጡ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ፤ እርስዎ ግን ከሰነድ ውጪ የሚያምኑ ሰው አይደሉም።

ወረቀቱን ከሰጡኝ በኋላ ማንም ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ “አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን፤ መድፉን ለማሰናበት እንዴት ደፈሩ?”

ምክንያቱ ደብተር ውስጥ ነበር፣ አራት ገጽ። አንድም መስመር አላስታወስኩም። ወደ እህቴ ተመለከትኩ። እሷ ጫማዋን ታያለች። ከንፈሯ ግን ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እንዳስታውስ ፈልጋ ነው መሰለኝ፣ ድምፅ ሳታወጣ “አሥራ አንድ ጊዜ” አለችኝ። እኔ ግን ምን አልኩ?

“ልቤ ነገረኝ።”

ጭብጨባው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ፋርማሲስቱ ተነሥቶ አጨበጨበ። “ልብ ነው ዋናው!” አለች የብየዳ ቤቷ ባለቤት። እህቴም አጨበጨበች። ሥራዋን የራሴ ማድረጌን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይቅር ብላኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ የማጨብጨቧ ነገር ነው ያሳወቀኝ።

እርስዎ ግን ሰውን በግማሽ አክብረው የሚያሰናብቱ አይደሉም። ማይክሮፎኑን መልሰው ተቀብለው እንዲህ አሉ፦ “የተሸላሚያችንን ችሎታ ብቻ ሳይሆን ታማኝነታቸውንም ልመስክር። ዘንድሮ አንድ የሌለች ሰው በእሳቸው መስመር ተደብቃ ወደ ሊጋችን ልትገባ ሁለት ጊዜ ሞክራለች። ሁለት ጊዜ እንዲያረጋግጡልን ጠየቅናቸው። አንድ ቃል ቢሉ ትገባ ነበር። አላሉም! እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን።”

ሁለተኛው ጭብጨባ ከመጀመሪያው በለጠ። እህቴ በዚህኛው አላጨበጨበችም። አንዴ ብቻ፣ በአፍንጫዋ፣ ሳቅ የሚመስል ነገር አወጣች። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ፣ የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ ግድግዳው አስጠግታ፣ በሩን እንዳይጮህ በቀስታ ዘግታ ወጣች።

ፌርማታው ላይ ደረስኩባት። የምስክር ወረቀቱ በእጄ ነበር፤ የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ከጀርባዬ ያዝኩት።

“ጠይቀውህ ነበር?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ምን አልካቸው?”

“ምንም።”

“ምንም አልካቸው ወይስ ምንም አላልካቸውም?”

“ምንም አላልኳቸውም።”

አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ አውቋት በእጁ ሰላም አላት፤ እሷም ሰላም አለችው። ስትገባ ዞር ብላ “አንተ ቀጣዩን ያዝ” አለችኝ። ቀጣዩ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ እሷው ናት የደለደለችው። በዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የነበርኩበትን ሁኔታ ለጠላቴም አልመኝም፤ ለእርስዎ ግን፣ የተከበሩ ኮሚሽነር፣ አንድ ሦስት ደቂቃውን ብመኝልዎ እንደማይከፋዎት አምናለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ “ወንድም ጋሼ” ማለቷን ተወች። ጨው አቀብለኝ ስትል “የዓመቱ ምርጥ፣ ጨው አቀብለኝ” ትለኛለች፤ ሳትቆጣ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ደብተሩን ግን አልወሰደችብኝም። ጠረጴዛው ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎች አሰላለፍ ባለበት ገጽ እንደተከፈተ ትታልኛለች። ለምን እንዳልወሰደችው ስጠይቃት “ተጫዋቾቹ ምን አጠፉ?” አለችኝ።

በአምስተኛው ቀን እናቴ የታጠበ ልብስ እያጠፈች “ምን አድርገሃት ነው?” ብላ ያዘችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም።

“እህት የለኝም አልክ?”

“የለችም አላልኩም፣ እማዬ። አለች አላልኩም እንጂ።”

እናቴ የያዘችውን ሸሚዜን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። “እኔ ደግሞ ሁለት የወለድኩ መስሎኝ ነበር” አለችና ማጠፏን ቀጠለች።

አራተኛ፤ በቢሮዎ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። እናቴ ባነጋገረችኝ ማግስት ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ማተሚያ ቤትዎ መምጣቴን፣ በእርማት ክፍሉ ውስጥ በረጃጅም ወረቀቶች ተከበው ማግኘቴን፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መንገሬን አይዘነጉትም። እኔ ስናዘዝ እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃላት አረሙ፤ ቆጥሬያለሁ። ስጨርስም ከመነጽርዎ በላይ አይተውኝ “መዝገቡ ተዘግቷል። የተዘጋ መዝገብ ከፍተን ብናርም የሊጉ ስም ይጎዳል። በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር” አሉኝ። በእውነቱ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ይህንንም ልደብቅዎ አልፈልግም፤ “እንግዲህ ሞክሬአለሁ” ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ እርስዎ ቸርነትዎ በዝቶ “እህትዎ ቅር ካላት በረዳትነት የምስጋና ደብዳቤ እንጽፍላታለን” አሉ። ለሌለ ሰው ደብዳቤ ሊጽፉ! ስድብነቱ የገባኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። ሥራ እንኳ አልተመለስኩም፤ ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እንግዲህ ቅሬታዬን ካሰማሁ ዘንድ፣ እርስዎ ሁለት ጊዜ በትሕትና ለጠየቁኝ ጥያቄ፣ ከአሥር ወር መዘግየት በኋላ፣ በአባላቱ ሁሉ ፊት መልስ እሰጣለሁ። አመልካቿ አለች። እህቴ ናት። መድፉን ያሰናበተችው፣ ረጅሙን ወጣት ያገኘችው፣ በሦስተኛው ዓመት ስድስተኛ ያወጣችኝ እሷ ናት። እኔን ልቤ ምንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ነግሮኝ ከነበረም ሌላ ነገር ነበር፣ እሱንም አልሰማሁትም።

የምስክር ወረቀቱን በፖስታ መልሼልዎታለሁ። ቡድኑንም ለእሷ ላስረክባት ጠይቄአት ነበር። “ያንተን አልፈልግም፤ እኔ የጠየቅኩት የራሴን ነው” አለችኝ። ስለዚህ ከማናጀርነት በገዛ ፈቃዴ ወርጃለሁ፤ ቡድኑን ለተራ ጠባቂ ይስጡልኝ፣ ደብተሩን እሷ ፈቅዳ አብሬ አስረክባለሁ። እሷ ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ አመልክታለች፤ በሥራ ቦታዋ መስመር፣ በምሳ ሰዓቷ፣ ማንም ሊይዘው ያልፈለገውን፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደውን፣ ዘጠኝ ተጫዋች ብቻ የቀረውን የመጨረሻውን ቡድን። “ከነባር አባላት ጋር ያለዎት ዝምድና” በሚለው ቦታ ላይ “የለኝም” ብላ ሞልታለች። ትክክል አይደለም ብለው እንዳይሰርዙባት እለምንዎታለሁ። የእኔን ስም እዚያ ለመጻፍ መቼ እንደምትፈቅድ አላውቅም፤ ምናልባትም አትፈቅድም፤ ያም ቢሆን የምከራከርበት አፍ የለኝም።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ የሊጉን ደንብ ሰባ አራት አንቀጾች በአንድ እጅ ጽፈው በሌላው ስለሚጠብቁልን፣ የሰውን መኖር ለወንድሙ ፈቃድ ብቻ ስለተዉ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ የቅጣት ውሳኔዎን በአክብሮት የምጠባበቅ፣

የአሥራ አንደኛው ቡድን የቀድሞ ማናጀር፣
ሊፍት ጠጋኙ

ጭማሪ፦ እህቴ የቡድኖቹን ዝርዝር ስታገላብጥ የእርስዎ የራስዎ ቡድን አሥራ አንድ ተጫዋቾች ብቻ እንዳስመዘገበ አይታለች። ራስዎ በጻፉት አንቀጽ ሠላሳ አንድ መሠረት እስከ ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አሥራ ሦስት ካላሟሉ ቡድንዎ ከውድድር ይሰረዛል። “ንገረው፣ ያሳዝናል” ስላለችኝ ነግሬዎታለሁ። ለእኔ ቢተው ኖሮ ዝም እል ነበር፤ ሦስት ቀን ዝም ማለት አይከብደኝም።